ፕሮፍ የተሻረ ሰሞን

ስብሰባን የፈለሰፈው ሰው ኮዬ ፈጬ አይኖርም ነበር። እኔ ግን እኖራለሁ። ጠዋት አውቶቡስ ተሰልፌ፣ ቃሊቲ ወርጄ፣ ከጭነት መኪናው አቧራ ጋር ተጋፍቼ ኮሌጃችን በር ላይ ስደርስ ቀኑ ገና ሳይጀምር ያልቅብኛል። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ለሕክምና ተማሪዎች ስለ መድኃኒት የማስተምረው። ከዚያም በኋላ ነው የመምህራን ማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ጸሐፊ የምሆነው። ጸሐፊነቱን ማንም መርጦ አልሰጠኝም። የቀድሞው ጸሐፊ የለቀቀ ዕለት እስክሪብቶ ይዤ ተገኘሁ፣ በዚያው ቀረሁ።

ስሜ እታገኝ ነው። በእኛ ግቢ ግን ሰው በስሙ አይጠራም። ገና የመጀመሪያ ዓመት ፈተና ያልተፈተነውን ልጅ ጂራታ፣ የበሩ ጥበቃ፣ «ዶክተር፣ መታወቂያ!» ይለዋል። ነርስ ለመሆን የምትማረው ከወዲሁ ሲስተር ናት። ከበሩ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሙህሲን ደግሞ ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር፣ ጋውን ለብሶ ፀጉሩ የሸበተውን ሁሉ ፕሮፌሰር ብሎ ገላግሎታል። ይሄ ውሸት አይደለም። ምርቃት ነው። ሰውን ነገ በሚሆነው ዛሬ እንጠራዋለን፤ የቀረውን እሱ ሮጦ ይድረስበት።

አሻግሬን «ፕሮፍ» ማለት ማን እንደጀመረ አላውቅም። እኔ ስቀጠር ፕሮፍ ነበር። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው፤ ረጅም፣ ትንሽ የጎበጠ፣ ስቴቶስኮፑን በመዳፉ ሳያሞቅ የሰው ደረት ላይ የማያሳርፍ። ሰኞ ሰኞ ተማሪዎቹን አስከትሎ አልጋ ለአልጋ ይዞራል፤ ራውንድ እንለዋለን። በሽተኛውን ሕመሙን ከመጠየቁ በፊት አገሩን ይጠይቀዋል። ከሌላ ክፍል የመጡ ተማሪዎች ሳይቀሩ የሱን ራውንድ ለመስማት በኮሪደሩ ይጋፋሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ፕሮፌሰር ካላልን ታዲያ ማንን እንበል?

የሱ ቤት ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። ከሰዓት ሥራችን አንድ ላይ ካለቀ በአሮጌ ኮሮላው ቱሉ ዲምቱ ድረስ ያደርሰኛል። ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን መንገዱ ተዘጋግቶ፣ ሲኖትራክ ከፊት ሲኖትራክ ከኋላ ሆኖብን ቆመን ሳለ ስለ ጡረታ ተነሣ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ስድሳ ይሞላዋል።

«አንተ ምን ቸገረህ!» አልኩት። «ከተባባሪ ፕሮፌሰር ጀምሮ ላለ ሰው በኮንትራት ይራዘምለታል። አንተ ደግሞ ሙሉው ነህ። በጡረታ የሚባረሩት ረዳቶቹ ናቸው።»

ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው እንኳ አልተንቀሳቀሰም ነበር።

«አይደለሁም፣ እታገኝ።»

«ምን አይደለህም?»

«ፕሮፌሰር አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። ተባባሪም አይደለሁ። ረዳት ነኝ፤ እንደተቀጠርኩ።»

ሳቅኩ። ቀልድ አልፎ አልፎ ይወድዳል። ፊቱን ሳይ ግን ሳቄ መሃል ላይ ቆመ። መሰላሉ ሦስት ደረጃ ነው፦ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር። ይሄ ሁላችን አናት ላይ የሰቀልነው ሰው የመጀመሪያውን እርከን አልለቀቀም። እኔ ደግሞ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። በየዓመቱ «ዘንድሮ ማን ይደግ?» እያልን ስም ስንጠራ የሱን ስም አንሥተን አናውቅም፤ ከፕሮፌሰር በላይ ወዴት ያድጋል ብለን። የሚያውቀው ደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ደመወዝ ክፍል ደግሞ ሰውን በመለያ ቁጥር እንጂ በማዕረጉ አይጠራም።

«ለምን አላመለከትክም?» አልኩት። ድምፄ የቁጣ ነበር፤ በማን እንደተቆጣሁ ግን አላወቅኩም።

«አመልክቼ ነበር። አንድ ጊዜ። ጽሑፎቼን ሁሉ ሰብስቤ ለያኔው ዲን ይዤለት ገባሁ። ገና ሳልቀመጥ ሳቀብኝ። ‹ፕሮፍ! የማንን ፋይል ነው ተሸክመህ የመጣኸው? ዛሬም ለልጆችህ ነው የምትለፋው?› አለኝ።»

«እሺ፣ አንተስ ምን አልክ?»

«አዎ አልኩ። ‹የማንን?› ሲለኝ ‹የሉቃስን› አልኩት። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። ፋይሉን በብብቴ ይዤ ወጣሁና ለሉቃስ ደወልኩለት። ‹ማመልከቻህን ቶሎ አስገባ፣ ዲኑ እየጠበቀህ ነው› አልኩት። ውሸቴን እውነት ማድረግ ነበረብኝ።»

ሉቃስ ያን ጊዜ ተማሪው የነበረ፣ ገና የተቀጠረ ሐኪም ነው። ዛሬ ፕሮፌሰር ሉቃስ ይባላል፤ ሙሉው፣ እውነተኛው። ዲናችንም እሱ ነው።

«ግን ለምን አላረምከንም?»

«መቼ? መጀመሪያ ተማሪዎች ሲሉኝ ጨዋታ መሰለኝ። ከዚያ ነርሶቹ። ከዚያ ሰፈር። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን። ሰው ሲያከብርህ ‹ተው፣ ዝቅ አድርገኝ› ትለዋለህ? አንድ ቀን ያላረምከውን በማግስቱ ማረም ያሳፍራል። ከዓመት በኋላማ እንደ ሌባ መያዝ ነው። ዝም አይነቅዝም ሲሉ ሰምቼ ዝም አልኩ። ይኸው ነቀዘ።»

ፊት ለፊት ያለው ሲኖትራክ አንድ ክንድ ያህል ተላወሰ። አሻግሬ ተከተለው።

«የሺስ?» አልኩት። የሺሐረግ ሚስቱ ናት።

«አታውቅም። እንዴት ብዬ እነግራታለሁ? በማኅበሯ ‹የፕሮፌሰር ባለቤት› ብለው ነው ከፊት የሚያስቀምጧት።» ቆይቶ ደግሞ፣ «ጡረታው አይደለም የሚያስፈራኝ። ሰኞ ነው። ራውንዱ ከቀረብኝ ሰኞ ጠዋት ምን እሆናለሁ? አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የጎረቤት ልብስ ሲደርቅ ላይ ነው?»

እኔ ይሉኝታ የሚባለውን በሽታ አውቀዋለሁ፤ ራሴም አለብኝ። በምናስተምረው መጽሐፍ ውስጥ ስሙም መድኃኒቱም የለም። ይሄን የሚያህል ሰው ሲያስተኛ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ሐሙስ ኮሚቴ አለ» አልኩት ስወርድ። «ፋይሉን አምጣልኝ።»

«ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ። ሲጨርሱ ይወስናሉ።»

ረቡዕ ጠዋት አመጣው። ያንኑ አሮጌ ፋይል፣ ላዩ ላይ አዳዲሶቹን ጽሑፎች ጨምሮበት። ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየኝም።

ሐሙስ ዕለት አጀንዳውን ሳነብ እንዳለው ሳቁ። ከሁሉ በፊት የሳቀው ዘካሪያስ ነው፤ የቀዶ ሕክምናው፣ ሳቁ ከበር ውጭ የሚሰማው።

«እታገኝ ደክሟታል! የተሾመን ሰው ደግሞ ማን ይሾማል?»

«አልተሾመም» አልኩ። «ረዳት ፕሮፌሰር ነው። ደመወዝ ክፍል ጠይቁ።»

የሕፃናት ሐኪሟ ልዕልት ስልኳን አውጥታ እዚያው ጠየቀች። «እሺ… እሺ… እርግጠኛ ናችሁ?» ብላ ዘጋች። ከውጭ የሲኖትራክ ጥሩምባ ይሰማል።

ዘካሪያስ ጸጥታውን አልቻለውም። «ታዲያ እስከዛሬ ፕሮፌሰር ሲባል አቤት ሲል የኖረው ምን ማለቱ ነው? አታለለን ማለት እኮ ነው! ይሄ ዕድገት ሳይሆን ዲሲፕሊን ነው የሚያስፈልገው።»

እኔ በስብሰባ አልጮኽም። ጉልበቱም የለኝ። ያን ቀን ግን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

«እሱ ሲጠራ ዝም ማለቱ ወንጀል ከሆነ እኛ ስንጠራው ምን ነበርን?» አልኩት። «አንተ ራስህ ልጅህ የተመረቀ ቀን ‹ፕሮፌሰር አሻግሬ በመካከላችን ተገኝተዋል› ብለህ በማይክ አስነሥተኸው የለ? ይነሣና ‹አይደለሁም› ይበልህ ነበር? በልጅህ ምርቃት ላይ?»

ዘካሪያስ የውሃውን ጠርሙስ ከፍቶ ሳይጠጣ መልሶ ከደነው።

«ሉቃስ፣» አልኩ ወደ ዲኑ ዞሬ፣ «አንተን ‹ማመልከቻህን አስገባ› ያለህ ማን ነበር?»

«ፕሮፍ ነው» አለ። «ደወለልኝ። ዲኑ እየጠበቀህ ነው አለኝ።»

«የዚያን ቀን ይዞት የገባው የራሱን ነበር። ‹የማነው?› ሲባል አፍሮ ያንተ ነው አለ።»

ሉቃስ መነጽሩን አወለቀ። ብዙ ጊዜ ሲያወልቅ ለመጥረግ ነው፤ ያን ቀን ግን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ዓይኑን በሁለት እጁ ሸፈነ። አዘንኩለት። እሱም ምንም አላጠፋም። ይሄ ነገር አድካሚ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ጥፋተኛ ፈልገን እንዳናርፍ ያጠፋ ሰው የለበትም።

«በአንዴ ሙሉ ፕሮፌሰር እናድርገውና ጉዱ ይሸፈን» አለ ዘካሪያስ፣ አሁን ደግሞ ለስላሳ ሆኖ። ልቡ ክፉ አይደለም።

«ደረጃ መዝለል አይቻልም» አለች ልዕልት። «ተባባሪ ነው የምንችለው። ግን ለኮንትራቱ እሱ ይበቃዋል። ሰኞ ራውንዱን ይቀጥላል።»

በሙሉ ድምፅ አለፈ። ኮንትራቱም ተራዘመ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ኮሚቴ አንድ ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ወደ አውቶቡሴ ሄድኩ።

ዐርብ ጠዋት የኮሌጁ የኮሙኒኬሽን ልጅ ሚራክል ማስታወቂያውን በአበባ ከብባ፣ የአሻግሬን ፎቶ ለጥፋ፣ በቴሌግራም ለቀቀችው። አትማም በሩ ላይ ለጠፈችው። «እንኳን ደስ አለዎት! ዶ/ር አሻግሬ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ተሸጋግረዋል» ይላል። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። አንድ ፊደል አልተሳሳተችም።

በሩ ላይ ስደርስ ጂራታ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ጎን ወሰደኝ።

«ዶክተር፣ ምን አጥፍተው ነው?»

«ማን?»

«ፕሮፌሰራችን ናቸዋ! ለምን አወረዷቸው?»

ማስታወቂያውን መልሼ አየሁት። በጂራታ ዓይን አነበብኩት። ትናንት ፕሮፌሰር የነበረ ሰው ዛሬ ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆኗል። ዶክተር ተብሎም ተጽፏል። አበባው ደግሞ ሽሙጥ ይመስላል።

«አድገው ነው፣ ጂራታ» አልኩት።

«እሺ» አለ። የታመመ ሰው «ተሽሎኛል» ሲል የምንለውን ዓይነት እሺ ነው።

ሙህሲን ከሱቁ ሆኖ ጠራኝ። ሙህሲን የስልጤ ሰው ነው፤ እዚህ ከመክፈቱ በፊት ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ለጠያቂዎች ዳቦና ሳሙና ይሸጥ ነበር፤ ስለዚህ የፍርድ ቤት ቋንቋ ከእኛ ይልቅ ለሱ ይቀርበዋል።

«ዶክተር፣ ወላሂ ጠዋት ካነበብኩት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» አለኝ። «ከማን ጋር ነው የተያዙት?»

«ምን ተያዙ?»

«ተባባሪ ይላል እኮ! እኔ እዚያ ስሠራ ‹ዋናው› የሚባል አለ፣ ‹ተባባሪ› የሚባል አለ። ተባባሪ ማለት ሌላው ሲያጠፋ አብሮ የነበረ ነው። እሳቸው ምኑ ላይ ነው የተባበሩት? ዋናው ማን ሆኖ ነው? ዋናውን ትተው ደካማውን ያዙ!»

አስረዳሁት። በደንብ አስረዳሁት፣ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ይገባው ነበር። መሰላሉን በጣቴ እየቆጠርኩ አሳየሁት። ሙህሲን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማኝና፣ «ጓደኛ መሸፋፈኑ ደግ ነው። አላህ ይርዳቸው» አለኝ።

ሰኞ ራውንዱ ነበር። ከክፍል ስወጣ አሻግሬ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ለብቻው ተቀምጦ አገኘሁት። ተማሪዎቹ ቀድመው ሄደዋል። ሌላ ጊዜ እሱ ሳይሄድ አይሄዱም።

«ዶክተር አሉኝ» አለ። «አንደኛዋ ልጅ ‹ፕሮ…› ብላ ጀመረች፣ ጓደኛዋ በክርኗ ጎሰመቻት፣ ‹ዶክተር› ብላ አረመች። ስንት ዓመት የፈለግኩት ይሄን አልነበር? እንዲያርሙኝ? ሲያርሙኝ ግን መልሼ ላርማቸው ቃጣኝ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ራውንዱን አስቀጠልኩለት፣ ስሙን ወሰድኩበት። ይቅርታ ልለው ፈለግኩ፤ ግን ለየትኛው እንደሆነ አላወቅኩም።

«እውነቱን ንገራቸው» አልኩት በመጨረሻ።

«ነገርኳቸው። ‹ሆኜ አላውቅም› አልኳቸው። አንደኛው ልጅ ዓይኑ እንባ ሞላ። ‹እርስዎ ለእኛ ሁሌም ነዎት› አለኝ።» ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «እታገኝ፣ ደክሞኛል። ኮንትራቱን ብተወውስ? ሰኔ ላይ ዝም ብዬ ብወጣ? ሰው ይረሳል።»

«ቅዳሜ ድረስ አትወስን» አልኩት። ቅዳሜን ለምን እንዳልኩ እንጃ፤ ቀጠሮ መስጠት ልማድ ሆኖብን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሺሐረግ ደወለችልኝ። «ሰው መጥቷል። ነይ» ብላ ዘጋች። የምን ሰው እንደሆነ ገላን ገብቼ ሕንጻቸው ሥር የእድሩን ፕላስቲክ ወንበሮች ወደ ላይ ሲያወጡ ሳይ ገባኝ። አራተኛ ፎቅ ስደርስ በሩ ተከፍቶ ተትቷል። ጫማ ደጅ ተደርድሯል። ሳሎኑ ሙሉ ሰው ነው፤ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ፀሐዩ፣ የየሺ ማኅበርተኞች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጂራታ የደንብ ልብሱን ቀይሮ፣ ሙህሲን ለስላሳ በሳጥን አሸክሞ። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። አሻግሬ መሃል ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። ለቅሶ ቤት ነው። የሞተው ሰው ራሱ ተቀምጦ እግዜር ያጽናህ ይባላል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል» አሉ ጋሽ ፀሐዩ። በጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ሲናገሩ ሰው አያቋርጣቸውም። «እርስዎ ግን ሲሾሙም አልበሉ። ስለዚህ የሚቆጭዎት ነገር የለም። ሹመት ያልፋል፤ ዋናው ጤና ነው። እኛን የምድር ባቡር ሲበትነን ምን ቀረን? ሰው ነው የቀረን። እኛ አለንልዎት።»

«አለንልዎት» አሉ ሁሉም።

አሻግሬ አንገቱን ደፍቷል። ብቆይ የምጮኽ ስለመሰለኝ ወደ ኩሽና ገባሁ።

የሺሐረግ፣ ሽታው እስከ ደረጃው የሚያውድ የዶሮ ወጥ ታማስላለች። አንድ ድስት አይደለም፤ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት። የተቀቀለ እንቁላል በጎድጓዳ ሳሕን ሞልቷል። ለሙህሲን ለብቻው ምስር ከድናለች። ዐርብ ሌሊቱን ሳትተኛ እንዳደረች ዓይኗ ይናገራል።

«የሺ፣ ለአይዞዎት ደግሞ ዶሮ ይታረዳል?» አልኳት።

«ማማሰያውን ያዥልኝ» አለችኝ። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ፊቷን በእጇ ጠረገች፣ ሳሎኑን የሚያሳየው በር ላይ ሄዳ ቆመች። ደርሶብኝ የነበረውን ፍርሃት ልናገር፤ ባሏን በሰው ፊት ልታዋርደው መሰለኝ። ያላወቀችውን ነገር በቴሌግራም ማንበቧ ነውና መብቷም መሰለኝ።

የዚያን ሰዓት ነው አሻግሬ የተነሣው። ጋቢው ከትከሻው ወደቀ፣ አላነሣውም።

«እኔ አልተሻርኩም» አለ። ድምፁ ራውንድ ላይ የሚናገርበት ድምፅ ነው፤ የማይጮኽ፣ ግን እስከ ኮሪደር የሚሰማ። «ፕሮፌሰር ሆኜ አላውቅም። ስትጠሩኝ ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ረዳት ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ተባባሪ ሆንኩ። አደግሁ እንጂ አልወረድኩም። እንባችሁን መልሱት፣ እባካችሁ።»

ሙህሲን ጂራታን አየ። ጂራታ ምንጣፉን አየ። ጋሽ ፀሐዩ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«አያችሁልኝ ይሄን ትሕትና!» አሉ። «የበደሏቸውን ሰዎች ላለማስወቀስ ሲሉ ራሳቸውን አሳነሱ። ወትሮም የጎዳቸው ይሄ ነው።»

«እውነት ነው፤ ይሄ ነው የጎዳቸው» አሉ ሴቶቹ፣ አንደኛዋም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

አሻግሬ ቆሞ ቀረ። ብዙ የደከመ ሰው አይቻለሁ፤ ተረኛ አድሮ የወጣ፣ በሽተኛ ሞቶበት የወጣ። እንደዚያ ዓይነት ድካም ግን አላየሁም። ዕድሜውን ሙሉ ሊናገረው የፈራውን እውነት ተናገረ፣ እውነቱንም ወስደው በላዩ ላይ ሌላ ክብር ደረቡበት።

«እልልልልልል!»

ከአጠገቤ ነው። የሺሐረግ ናት። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ በዚያ ሁሉ ከንፈር መጣጭ መሃል፣ እንደ ሠርግ ቤት እልል አለች። ደገመችው። ሠለሰችው። ሕንጻው በሙሉ ሰማት።

«ባሌ ተሾመ!» አለች። «ምን ያስቀምጣችኋል? ባሌ ተሹሟል! እልል በሉ!»

እንግዲህ በእኛ አገር እልል ተብሎ ዝም አይባልም። ነውር ነው። የገባት አንዲት ሴት እንኳ አልነበረችም፤ ግን ከማኅበርተኞቹ አንዷ ሳታስበው ተቀበለቻት፣ ከዚያ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ ሁሉም። ሙህሲን ማጨብጨብ ጀመረ። ጂራታ ተነሥቶ ቆመ። ከታችኛው ፎቅ ደግሞ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው መለሰልን። ያ አሻግሬን ዕድሜውን ሙሉ አፉን የያዘው ይሉኝታ፣ ያን ቀን ዞሮ ለሱ ሠራ።

አሻግሬ ግን ሚስቱን ብቻ ነበር የሚያየው።

«የሺ» አለ ጩኸቱ ጋብ ሲል። «ታውቂ ነበር?»

«አንተ ሰው» አለችው፣ «ፕሮፌሰር ሆነህ ድግስ ሳልደግስልህ የምቀር ሴት እመስልሃለሁ?»

አሻግሬ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ከኩሽናው በር ሆኜ መለየት አልቻልኩም። ጋሽ ፀሐዩ የወደቀውን ጋቢ አንሥተው ትከሻው ላይ አደረጉለት። ነገሩ አሁን የገባቸው ይመስላል። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ ቃሉን ከአፋቸው ፈልገው እስኪያገኙት ጥቂት ቆዩ።

«እንኳን ደስ አለዎት…» አሉ፣ «…ተባባሪ ፕሮፌሰር።»

«አሜን» አለ አሻግሬ። የሺሐረግ ማማሰያዬን ተቀበለችኝና ሳሕን እንዳቀርብ አዘዘችኝ።